ልክ

ከረፋዱ አምስት ሰዓት፤ የሸመንደፈር ግቢ፣ ድሬ፤
ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል እንደሚቆላ ጥሬ።
የባቡሩ ሆድ ተከፍቶ፣ ብሎኑ በጨርቅ ተሰጥቶ፣
ሙክታር ከሞተሩ ስር ጎንበስ፣ ግራሶና ላብ ተቀብቶ፣
«በይ አስገቢው» ይለኛል።
አስገባሁት፤
እርሳስ የማይወፍር ገመድ፣ ጫፉ ላይ ዐይንና መብራት፤
በአውራ ጣቴ ሳዘው ግራ፣ ሳዘው ቀኝ፣
ጨለማውን አልፎ ሄደ፣ ጥላሸቱን፣ የዘይቱን ምራቅ፣
እስከ ቱርቦው ክንፎች ድረስ።
ከዚያ በስክሪኔ ላይ፣ ከሰባተኛው ክንፍ ስር፣
ስንጥቅ።

ቀጭን ነው። ፀጉር ቢወድቅበት ይሸፍነዋል።
መመሪያው አጭር ነው፦ ከሦስት ሚሊ ካነሰ ይሄዳል፣
ከበለጠ ይቀራል።
አንዱን ነጥብ ከአንድ ጫፍ፣ ሌላውን ከሌላው አኖርኩ፤
ማሽኑ ጥቂት አሰበና ጻፈ፦
ሁለት ነጥብ ሰባት።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሙክታር።
ኃላፊው አቶ ቀለመወርቅ ብዕራቸውን ከፈቱ።
ከበሩ ውጭ ፈርዶሳ አለች፤ ለደወሌ የተቀጠፈ
የቲማቲም ሳጥን ደርድራ፣ ሽርጧን ድንኳን አድርጋለት፣
በየሩብ ሰዓቱ አንገቷን ታስገባለች፦
«አቦ፣ ይሄዳል አይሄድም?»

ልነግራት ነበር። አፌን ከፍቻለሁ።

ግን ከስንጥቁ ጎን ጥላ ተኝቷል፣
ልክ እንደ ስንጥቁ ጥቁር።
ዐይኔም የቆመው በሰያፍ ነው፣ ሰረቅ አድርጎ፣
አበዳሪውን ገበያ ላይ እንዳየ ሰው።
በሰያፍ ያዩት ነገር ያጥራል፤
በር ከፍታችሁ ከጠርዙ እዩት፤ እንጨት ነው እንጂ በር አይደለም።

ሙሴ ዘርጋው፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ከዚሁ አቴልዬ ጡረታ የወጡ፣
በፈረንሳይኛ የሚሳደቡ፣ በኦሮምኛ የሚቆጡ፣
ይሉን ነበር፦ «ቁጥር እንግዳ ነው፤
ስለመጣ ብቻ አታሳድሩት፤
ከየት እንደመጣ ጠይቁት።»

ገመዱን ሳብኩ።
«ምን ሆንሽ?» አሉ አቶ ቀለመወርቅ።
ሌንሱን በጥጥ ጠረግሁ፤ የዘይት ጉም ነበረበት።
ከሻንጣው ልኩ የታወቀውን ብረት አንስቼ
አምስት ሚሊ የተባለውን ለካሁ፤ አምስት አለኝ።
እንግዲያው መሣሪያው አልዋሸም፤
የቆምኩበት ነው የዋሸው።

ተመለስኩ። ሙክታር ዘንጉን በመፍቻ አዞረልኝ፤
ትንሽ፤ ትንሽ፤ ተው፣ አለፈ፤ መልሰው፤
ክንፉ ፊቱን ወደኔ እስኪሰጥ።
ቀረብኩ፣ ስንጥቁ ስክሪኑን እስኪሞላ።
መብራቱን አሳነስኩ፤ ብርሃንም ሲበዛ ያሳውራል፣
የድሬን ሰኔ ያየ ያውቀዋል።
ነጥቤን ከጥላው አንስቼ ከብረቱ ከንፈር አኖርኩ፣
ትንፋሼን ይዤ።

ሦስት ነጥብ አራት።
ደገምኩ፤ ሦስት ነጥብ አራት።
ሠለስኩ፤ ሦስት ነጥብ ሦስት።
(እጄም ሰው ነው፤ አንዷን አስረኛ ለሱ ተውኩለት።)

«የመጀመሪያው ይሻለን ነበር» አሉ አቶ ቀለመወርቅ፣ ብዕራቸው እንደተከፈተ፤
«እሱም ያንቺው ልክ ነው፤ ያንቺው እጅ፣ ያንቺው ማሽን።»
ልክስ ልክ ነው፤
ልክ አይደለም እንጂ፣ አልኩ።
ከዚህ በላይ አልተናገርኩም፤
ልክ ልካቸውን የነገራቸው ቁጥሩ ነው፤ እኔ ጻፍኩት።

ባቡሩ ቀረ።

ፈርዶሳ ከፊቴ አነበበችው።
«በስንት በለጠ?» አለች።
አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን አቀራርቤ አሳየኋት፤
በመካከላቸው ብርሃን እንኳ በግድ ነው የሚያልፈው።
«ለዚች?»
ለዚች።
«ጨርቅ በክንድ ስሸጥ ከዚች የበለጠ ሰርቄያለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»
አልሳቀችም። ባጃጅ ጠርታ ሳጥኖቿን ጫነች፣
ቀፊራ ወስዳ በግማሽ ዋጋ ልትጥላቸው።

ከመሄዷ በፊት አንድ ቲማቲም ወረወረችልኝ፤
ለምርቃት ይሁን ለእርግማን አላወቅሁም።
ሙቀቱ ልጣጩን ሰንጥቆታል፣ ከእንብርቱ እስከ ወገቡ።
ወደ ብርሃኑ አዞርኩት፣ ፊት ለፊት፣ ቀረብ አድርጌ፤
አስራ ሁለት ሚሊ ግድም።

በግምት ነው፤ አትጻፉት።